የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ባለጠጋ በሀብቱ መካከል ተቀምጦ ሲቸገር፥ ወይም የሊቅ ልጅ ዕውቀት ሲያጣ ነው። ነገር ግን ይህ ተረት በምሳሌ ሳይሆን በቁሙ፥ በወርቁ ሳይሆን በሰሙ የሚፈጸምበት ስፍራ አለ። ይኸውም ጢስ ዓባይ ነው።

ዓባይ ከጣና ወጥቶ ባሕር ዳርን ካለፈ በኋላ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ 40 ሜትር ያህል ጥልቀት ካለው ገደል ይወረወራል። ሲወድቅ የሚነሣው ጉም ከሩቅ እንደ ጢስ ስለሚታይ አገሩም በዚሁ ስም ተጠራ። ከፏፏቴው በታች በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1626 ዓ.ም. የተሠራው የድንጋይ ድልድይ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። የኋለኛው ዘመን ሰዎችም ውኃው እንዲሁ ፈስሶ እንዳይቀር አስበው፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 የመጀመሪያውን፥ በ2001 ሁለተኛውን የኤሌክትሪክ ማመንጫ በዚያው ሠሩ። ከላይ በጣና መውጫ ላይም በ1996 የጨረጨራ ግድብ ተሠራ፤ በ2010 ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ሥራውን ሲጀምር ብዙው ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ተመለሰ። ስለዚህ የፏፏቴው ግርማ ከቀድሞው ቀነሰ፤ ስለ መቀነሱም ብዙ ተጻፈ፥ ብዙም ተባለ።

እንዲህ የውኃው ቁመትና ወርድ፥ ኃይሉና ውበቱ ሲለካ፥ በወንዙ ዳር ያለች እናት ማለዳ ለልጅዋ የምትሰጣት አንዲት ጣሳ ውኃ ንጹሕ ናትን? ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የሚከተለው ታሪክ የሚነገረው ስለዚህች አንዲት ጣሳ ውኃ ነው።

ከከተማይቱ ጥቂት ራቅ ብላ በምትገኝ መንደር ቅኔ የሚያስተምሩ አንድ አረጋዊ ካህን ይኖሩ ነበር። የመንደሩ ሰው ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል። በልጅነታቸው ዓባይን በእፍኛቸው እየጠለቁ ጠጥተው አድገዋል፤ በተማሪነታቸውም ጊዜ ከወንዝ ወደ ወንዝ ሲሻገሩ ያገኙትን ውኃ በቅላቸው ቀድተው ይጠጡ ነበር። ስለዚህ «ወራጅ ውኃ ነውር አይዝም፤ ሲሄድ ራሱን ያጥባል» ይሉ ነበር። ይህም የእርሳቸው ብቻ ሳይሆን በገጠሩ ሁሉ ዘንድ የቆየ እምነት ነው።

እምነቱም እንዲያው ከመሬት የተነሣ አይደለም። የሚሮጥ ውኃ አየር ይቀላቀለዋል፥ ፀሐይም ይመታዋል፥ የገባበትም እድፍ በብዙ ውኃ መካከል እየሳሳ ይሄዳል። ነገር ግን ወንዝ አንድ ሰው ብቻ የሚኖርበት ቤት አይደለም። ከላይ ያለው መንደር ከብቱን ሲያጠጣና ልብሱን ሲያጥብ፥ የከተማውም እጣቢ ሲወርድ፥ ውኃው አንዱን እድፍ አሳስቶ ሳይጨርስ ሌላውን ይቀበላል። ክረምት በገባ ጊዜም ጎርፍ በየሜዳውና በየጥሻው የተጣለውን ሁሉ ጠርጎ ያመጣበታል። በውኃው የሚገቡት ረቂቃን ተሐዋስያን ደግሞ በዓይን አይታዩም፤ ሽታም ጣዕምም የላቸውም። ስለዚህ የውኃን ነገር በዓይኑ ብቻ የሚፈርድ ሰው ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳይመረምር ከጉባኤ እንደሚነሣ ተማሪ ነው።

ለመንደሪቱ የእጅ ፓምፕ ያለበት ጉድጓድ በተቆፈረ ጊዜ የኔታ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠው ነገሩን ደግፈው ነበር። ሰው ሁሉ ድንጋይና አሸዋ በማቅረብ ረዳ፤ ከየቤቱም ገንዘብ ተዋጣ። የውኃ ኮሚቴም ተመረጠ፤ ፓምፑ ሲበላሽ ማሠሪያ እንዲሆን በየወሩ ጥቂት ብር ይሰበሰብ ዘንድ ተወሰነ። የኔታም በቤታቸው ከእንግዲህ የወንዝ ውኃ እንዳይቀዳ አዘዙ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በነሐሴ ወር የሴት ልጃቸውን ልጅ፥ ሦስት ዓመት ያልሞላትን ሕፃን፥ ተቅማጥ ያዛት። በመጀመሪያው ቀን «ጥርስ ልታበቅል ነው» ተባለ። በሁለተኛው ቀን ዓይኗ ጎደጎደ፥ ከንፈሯም ደረቀ፥ ስታለቅስ እንባ አጣች። በሦስተኛው ቀን በዝናብ ተሸክመዋት ወደ ጤና ጣቢያ ሲወጡ በመንገድ አረፈች። ሬሳዋም በእናቷ ጀርባ ላይ እንደ ታዘለ ተመለሰ።

ከቀብር በኋላ ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው «ምን ጠጥታ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ እናቲቱ «ከተወለደች ጀምሮ ከፓምፑ ውኃ በቀር አልቀመሰችም» አለች። የኔታም ኀዘን እንዳቃጠለው ሰው ሆነው፦ «ዓባይ ሰባ ዓመት አጠጥቶ አልገደለኝም፤ ይህ ብረት ግን በሁለት ዓመት ልጄን ነጠቀኝ» አሉ።

የታላቅ ሰው ቃል ከባድ ነው። የኔታ ያን ቃል የተናገሩት ለማስተማር ሳይሆን ከልብ ሕመም የተነሣ ነበር፤ ሰው ግን እንደ ትምህርት ተቀበለው። በመጀመሪያ ሦስት ቤት፥ ኋላም የመንደሩ እኩሌታ ወደ ወንዙ ተመለሰ። ወርኃዊው መዋጮ ቀረ። በፓምፑ ውስጥ ያለው ላስቲክ እየተበላ ሲሄድ የሚለወጥበት ገንዘብ ታጣ፤ ውኃውም በብዙ መግፋት ጥቂት ጥቂት እያለ ይወጣ ጀመር። በሚቀጥለው ክረምት ተቅማጡ በብዙ ቤት ገባ።

በቀበሌው የምትሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የዚያው አገር ልጅ ነበረች፤ ፊደልም የቆጠረችው ከየኔታ እግር ሥር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን፥ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ተመድበው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ንጽሕናን እንዲያስተምሩ የታሰበ ነው። ይህች ልጅ ግን በየቤቱ ስትዞር «የኔታ ያሉትን አልሰማሽምን?» የሚል መልስ ብቻ አገኘች። መምህሯን በሰው ፊት ማስተባበል ነውር ስለ መሰላት ብቻዋን ሄዳ መስቀል ተሳለመችና እንዲህ አለች፦

«የኔታ፥ እኔ እርስዎን ላስተምር አልመጣሁም። እነሆ ሦስት ትንንሽ ጠርሙሶች ይዣለሁ። አንዱን ከዓባይ፥ አንዱን ከፓምፑ፥ አንዱን ዛሬ ከፓምፑ ተቀድቶ በቤት ከዋለው ውኃ ያስሞሉልኝ። በውስጣቸው መድኃኒት አለ፤ በውኃው የዓይነ ምድር እድፍ ካለበት እስከ ሁለት ቀን ድረስ ይጠቁራል፤ ከሌለበት እንደ ነበረ ይቆያል። ፍርዱን እርስዎ ይስጡ።»

የኔታም ጠርሙሶቹን ተቀብለው በገዛ እጃቸው በቀለም «ዓባይ»፥ «ጉድጓድ»፥ «ቤት» ብለው ጻፉባቸው፤ ውኃውንም እርሳቸው በሚያምኑት ተማሪ አስቀድተው ከመስኮቱ ሥር አኖሯቸው። በሁለተኛው ቀን ማታ «ዓባይ» የተባለው ጠቁሮ ተገኘ። «ጉድጓድ» የተባለው እንደ ጠራ ነበር። «ቤት» የተባለው ግን እንደ ዓባይ ጠቁሯል።

አረጋዊው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱት። ያ ጥቁር ጠርሙስ የሚናገረው የገባቸው ወዲያው ነው። ፓምፑ ልጃቸውን አልገደለም፤ ውኃው ከፓምፑ ንጹሕ ሆኖ ወጥቶ በመንገድና በቤታቸው ረክሷል። በማግሥቱ ጠዋት በእንስራው አጠገብ ተቀምጠው የሚሆነውን ይመለከቱ ጀመር። አንዱ ተማሪ ከሜዳ መጣና ቅሉን ከነጣቶቹ ነክሮ ቀዳ። ሕፃናት በጣሳ ጠለቁ፥ የተረፋቸውንም መልሰው ከእንስራው ጨመሩት። ጣሳው ከመሬት ወድቆ ነበረ፤ ዶሮም ረግጦት ሄደ። ጀሪካኑም በሣር ክር ተወትፎ ውስጡ አረንጓዴ ሆኗል። የኔታ በአንድ ቀን የገባበትን እጅ ሲቆጥሩ ከሃያ በኋላ መቁጠሩን ተዉት።

ከዚህም በላይ ያሳዘናቸው ሌላ ነገር ነበረ። እርሳቸው ከዲቁና ጀምሮ ለቤተ ልሔም የሚቀዳው ውኃ እንዴት እንደሚጠበቅ ያውቃሉ። ዕቃው የተለየ ነው፤ ለሌላ ነገር አይውልም። የሚቀዳው እጁን ታጥቦ ነው፤ ከተቀዳም በኋላ ሳይከደን አያድርም፥ ማንም እጁን አይነክርበትም። ስለዚህ በልባቸው «ለመቅደሱ የምናውቀውን ጥንቃቄ ለሕፃን አፍ ምነው ነፈግነው?» አሉ። ጥንቃቄው አዲስ ትምህርት አልነበረም፤ ከቤተ ልሔም ደጅ ወደ መኖሪያ ቤት ደጅ አለመሻገሩ ብቻ ነው።

ነገር ግን እውነቱን በሰው ፊት ለመናገር አንድ ችግር ያዛቸው። «ፓምፑ ንጹሕ ነበረ፥ ቤታችን ነው የረከሰው» ቢሉ፥ ነገሩ ሁሉ በእንስራው ባለቤት በልጃቸው ላይ ሊወድቅ ነው። እርስዋም ገና ጥቁሯን አላወለቀችም። ስለዚህ አስቀድመው ለብቻዋ ጠርተው «ልጄ፥ ያላወቅነውን ነገር እንደ በደል አይቆጥሩብንም፤ ካወቅን በኋላ ዝም ካልን ግን በደል ይሆንብናል» አሏት። እርስዋም ብዙ አልቅሳ «ለሌላው ልጅ ይትረፍ፥ ይናገሩ» አለች።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ሰው ተሰብስቦ ሳለ የኔታ ሦስቱን ጠርሙሶች ይዘው ቆሙ። «አምና በኀዘን ተናግሬ ብዙዎቻችሁን አሳትኋችሁ። ዛሬ ቃሌን እመልሳለሁ። ልጄን የገደላት ፓምፑ አይደለም፤ የእኔ ቤት እንስራና የእኔ ቤት ተማሪዎች እጅ ነው። አባወራው እኔ ነኝና ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው ጠርሙሶቹን ከእጅ ወደ እጅ አስተላለፉ። በዚያ ቀን ለላስቲኩ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ተሰበሰበ።

ይህ የአንዲት መንደር ነገር ቢመስልም የዓለም ታሪክ ይመሰክርለታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1854 ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም በሎንዶን ከተማ በኮሌራ የሞቱትን ሰዎች ቤት እየዞረ ሲመረምር አብዛኞቹ ከአንድ የመንገድ ፓምፕ የቀዱ ሆነው ስላገኛቸው፥ የፓምፑ እጀታ እንዲነቀል አደረገ። በ1892 ደግሞ በጀርመን አገር የሃምቡርግ ከተማ የኤልቤን ወንዝ ሳያጣራ ይጠጣ ስለ ነበረ ከስምንት ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ በኮሌራ አለቀበት። ከእርስዋ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የምትዋሰነው አልቶና ግን ከዚያው ወንዝ፥ ያውም ከሃምቡርግ እጣቢ በታች ቀድታ፥ ነገር ግን በአሸዋ አጣርታ ታጠጣ ስለ ነበረ በአብዛኛው ተረፈች። ወንዙ አንድ ነው፤ ለሞትና ለሕይወት የለያቸው ጥንቃቄ ነው።

የጣና ዳርም ይህን መከራ ከጥንት ያውቀዋል። በ1858 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በዘጌና በቆራጣ ሰፍሮ ሳለ ኮሌራ ገብቶበት ብዙ ሰው ፈጀ፤ ንጉሡም ሰፈራቸውን አንሥተው ወደ ደብረ ታቦር ደጋ ወጡ። በዚያ ጊዜ የበሽታው ምክንያት ለብዙዎች ገና ግልጥ አልነበረም፤ ሮበርት ኮኅ የሚባለው ሐኪም የኮሌራን ተሐዋስ ለይቶ ያሳወቀው ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሊሞላ ሲል ነው። ዛሬ ግን ምክንያቱ ታውቆ ሳለ በሽታው አልቀረም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ ወረዳ በበርሚል ጊዮርጊስ ጠበል በተሰበሰበው ብዙ ሕዝብ መካከል ኮሌራ ተነሥቷል።

ይህን ያነበበ ካህን ጠበል የተነቀፈ እንዳይመስለው። የጠበል በረከት በእምነት የሚገኝ ነገር ነው፤ ጽዳት ግን እምነትን አይቃወምም። ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ስፍራ ሲያድር መጸዳጃ ከሌለ፥ አንዱም ጽዋ ሳይታጠብ ከአፍ ወደ አፍ ከተላለፈ፥ በሽታው የሚመጣው ከጠበሉ ሳይሆን ከሰው ነው። ስለዚህ መጸዳጃውን ከጠበሉ በታችና በሩቅ ማስቆፈር፥ የመታጠቢያውን ከመጠጫው መለየት፥ ጠበሉንም ከምንጩ በቧንቧ ወይም በንጹሕ ዕቃ እያንቆረቆሩ ማደል የአስተዳዳሪው ፈንታ ነው።

ውኃን በቤት ስለ መጠበቅም የሚያስፈልገው ነገር ብዙ አይደለም። ውኃ የሚቀዳበትና የሚኖርበት ዕቃ አፉ የጠበበ፥ ክዳንም ያለው ይሁን፤ ዘወትርም ይታጠብ። ውኃውን አዘንብሎ መቅዳት እንጂ ነክሮ መጥለቅ አይገባም፤ እንስራ ከሆነ ግን እጀታው የረዘመ አንድ ጭልፋ ይመደብለት፥ እርሱም ከግድግዳ ይሰቀል። ከመጸዳጃ በኋላና ከመብል በፊት እጅን በሳሙና፥ ሳሙና ቢታጣ በአመድ መታጠብ ነው።

ከወንዝ መቅዳት ግድ በሆነ ጊዜ ውኃውን አፍልቶ አቀዝቅዞ መጠጣት የታመነ ነው። እንጨት ለቸገረው «ውኃ አጋር» እንደሚባለው ያለ የክሎሪን መድኃኒት በላዩ በተጻፈው መጠን ጨምሮ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ይበቃል። ነገር ግን ውኃው የደፈረሰ እንደ ሆነ አስቀድሞ አጥልሎ በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል ያስፈልጋል፤ ጭቃው የመድኃኒቱን ኃይል ይጨርሰዋልና። ጉድጓዱንም በሚመለከት መጸዳጃ ከ30 ሜትር ባላነሰ ርቀት፥ በተዳፋቱ በታች በኩል ይሁን፤ በፓምፑ ዙሪያ ያለው ሲሚንቶ ሳይሰነጠቅ ይጠበቅ፥ የፈሰሰውም ውኃ ርቆ ይሂድ፥ ከብትም እንዳይገባ ይታጠር።

ሕፃን ተቅማጥ በያዘው ጊዜ ደግሞ ጥርስ ነው ብሎ መቆየት አይገባም። የሚገድለው የውኃውና የጨው ከሰውነት ማለቅ ነውና፥ ከጤና ኬላ የሚሰጠውን ሕይወት አድን ንጥር አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጦ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ማጠጣት፥ የእናቱንም ጡት አለመከልከል፥ ወዲያውም ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። ያች ሕፃን ይህ በመጀመሪያው ቀን ተደርጎላት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዛሬ በሕይወት በኖረች ነበር።

የዚህ ሁሉ መሠረት ግን የጋራ አሳብ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1994 ጀምሮ በአማራ ክልል በፊንላንድ መንግሥት እርዳታ የገጠር ውኃ ሥራ ሲካሄድ፥ ከ2003 ወዲህ ገንዘቡ በብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ለመንደሩ ሰው ተሰጥቶ፥ ዕቃውን እርሱ እንዲገዛ፥ ግንበኛውንም እርሱ እንዲቀጥር ተደረገ። አሳቡም፥ ሰው በገዛ እጁ ያሠራውን ነገር እንደ ገዛ ቤቱ ይጠብቀዋል የሚል ነው። ያም ሆኖ በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከተሻሻለ የውኃ ምንጭ የሚቀዳው ቤተሰብ በከተማ 97 ከመቶ ሲሆን በገጠር 57 ከመቶ ብቻ ነበር። ይህም ቁጥር የሚናገረው ስለ ምንጩ ነው፤ ከምንጩ እስከ አፍ ድረስ ባለው መንገድ የሚሆነውን አይቆጥርም። ያንን መንገድ የሚጠብቅ መንግሥትም መሐንዲስም አይደለም፤ የቤቱ ሰው ነው፥ የቤቱንም ሰው የሚመክረው የንስሐ አባቱ ነው።

«ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይባላል። የጠራ መስሎ የሚገባ ውኃም እንዲሁ ነው፤ እየጣፈጠ ገብቶ ቤት ያፈርሳል። ካህን በየቤቱ ለጠበል ሲገባ ዓይኑን ወደ እንስራው መለስ አድርጎ «ክዳኑ ወዴት አለ?» ብሎ ቢጠይቅ ምንም አይጎድልበትም፤ ምናልባትም ከቤቱ የሚወጣውን አንድ ሬሳ ያስቀር ይሆናል።

በየኔታ ቤት ዛሬ እንስራው ክዳን አለው፤ ጭልፋውም ከግድግዳው ችንካር ላይ ተሰቅሏል። አዲስ ተማሪ ከሩቅ አገር ሲመጣ የኔታ ገና ቅኔ ሳይዘርፉለት አስቀድመው እጁን እንዲታጠብ ያዙታል፤ ቀጥሎም ያን ጥቁር ጠርሙስ ያሳዩታል። በላዩ የጻፉት «ቤት» የሚለው ቃል ቀለሙ ደብዝዟል እንጂ እስከ ዛሬ ይነበባል።